እኩል ያልሞሉ ባትሪዎች አብረው ሲያያዙ



በዚህ ዓመት በመጽሔታችን ላይ ስለ ባትሪ ለመጻፍ የተነሣሁት ዕውቀት ተርፎኝ አይደለም። አባቴን ያከሠርሁበት አንድ ስሕተት ስላለ፥ ያንን ስሕተት ከነምክንያቱ ብገልጸው ሌላው ሰው አይደግመውም ብዬ ነው። ነገሩ የሚመለከተው መኪና ያለውን ሰው ብቻ አይደለም። በቤቱ የእጅ ባትሪ፥ ሬዲዮ ወይም የፀሐይ መብራት ያለው ሁሉ አንድ ቀን አዲሱን ከአሮጌው ጋር ማያያዙ አይቀርም።

አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። መኪናይቱ የራሳቸው ስትሆን ከአዲስ አበባ ደሴ ትመላለሳለች። እንደ ብዙዎቹ የጭነት መኪናዎች የምትሠራው በ24 ቮልት ስለ ሆነ፥ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ታስረውላታል። ባለፈው ዓመት በነሐሴ ወር ከሁለቱ አንዱ ሞተ። መካኒኩ አዲስ ባትሪ በሞተው ቦታ ካሰረ በኋላ፥ «ጋሼ፥ ሁለተኛውንም አብረው ቢቀይሩት ይሻላል፤ በአንድ ቀን የገቡ ናቸው» አላቸው። አባቴ ዋጋውን እያሰቡ ዝም አሉ። ትምህርት የሚከፈትበት ጊዜ ደርሶ ስለ ነበረ የሦስት ልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ ይጠብቃቸው ነበር።

እኔም በፊዚክስ ክፍል ቮልት መለካት ተምሬ ነበርና የመካኒኩን ቴስተር ተቀብዬ፥ ሞተሩ እየሠራ ሳለ የአሮጌውን ባትሪ ሁለት ጫፎች ነካሁ። መለኪያው 12.7 አለ። ሙሉ ባትሪ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት እንደሚያሳይ አውቅ ስለ ነበረ፥ «አባባ፥ ይኸኛው ሙሉ ነው፤ ገንዘብዎን አያውጡ» አልኋቸው። አባቴም ከመካኒኩ ይልቅ የተማረውን ልጃቸውን አመኑ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ያህል አለፈ። በኅዳር መጨረሻ ላይ አባቴ ሲሚንቶ ጭነው ወደ ደሴ ሲጓዙ፥ ጣርማ በር ከመድረሳቸው በፊት ጎማ ለመቀየር ሞተሩን አጠፉ። ጎማው ተቀይሮ ቁልፉን ቢያዞሩ ሞተሪኖው አንድ ጊዜ ጠቅ ብሎ ቀረ። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ ብርዳም አገር ነው፤ የተጫነ መኪና ደግሞ ዳገት ላይ በግፊ አይነሣም። አባቴና ረዳታቸው በጋቢናው ውስጥ ተቃቅፈው አደሩ። ጠዋት ሌላ ሾፌር ደርሶ በወፍራም ገመድ ከራሱ ባትሪዎች ጋር አያይዞ አስነሣላቸው። በኋላ ሲታይ ሆዱ አብጦ፥ ውሃው ደርቆ የተገኘው አሮጌው ሳይሆን አዲሱ ባትሪ ነበር።

አባቴ ወደ ባትሪ ሻጩ ሄደው በሰው ፊት፥ «የውሸት ዕቃ ሸጥህልኝ!» ብለው ተቆጡት። እኔን ግን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣኝ። አዲሱ ሞቶ አሮጌው እንዴት ሊተርፍ ቻለ? ይህን ጥያቄ ይዤ ወደ ፊዚክስ መምህራችን ሄድሁ። ከዚህ በታች የምገልጸው በእርሳቸው መሪነት ያጠናሁትን ነው።

ባትሪ በውስጡ ምን ይዟል?

ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ በ1800 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ ሁለት ዓይነት ብረቶችን በጨው ውሃ የራሰ ጨርቅ በመካከላቸው እያደረገ ቢደራርብ የማያቋርጥ የኤሌክትሪክ ፍሰት እንደሚገኝ አስታወቀ። ቮልት የሚባለው መለኪያ የተሰየመው በእርሱ ስም ነው። በ1859 ደግሞ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ባዶ ሲሆን ተመልሶ የሚሞላውን የእርሳስ ባትሪ ሠራ። ዛሬም በመኪና ውስጥ የምናገኘው የዚያው ዘር ነው።

የመኪና ባትሪ አንድ ዕቃ ቢመስልም በውስጡ 6 ክፍሎች አሉት፤ ባለሙያዎቹ ሴል ይሏቸዋል። በያንዳንዱ ሴል ውስጥ የእርሳስና የእርሳስ ኦክሳይድ ሰሌዳዎች በውሃ በቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ተነክረው ይቆማሉ። አንዱ ሴል ሲሞላ 2.1 ቮልት ያህል ስላለው 6ቱ ተደምረው 12.6 ቮልት ይሆናሉ። ባትሪው ኃይል ሲሰጥ አሲዱ እየቀጠነ፥ ሰሌዳዎቹም ወደ እርሳስ ሰልፌት እየተለወጡ ይሄዳሉ፤ ሲሞላ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። አርፎ የቆየ ባትሪ ከ12 ቮልት በታች ካሳየ ባዶ ለመሆን ተቃርቧል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ሁለት በርሜሎችን ከግርጌያቸው በጎማ ቧንቧ ብናገናኛቸው፥ ውሃው የሚሄደው ብዙ ካለበት ጥቂት ወዳለበት ሳይሆን፥ ከፍታው ከበለጠው ከፍታው ወዳነሰው ነው። በቀጭንና ረጅም ዕቃ ውስጥ ያለ ጥቂት ውሃ፥ በሰፊና አጭር ዕቃ ውስጥ ወዳለ ብዙ ውሃ ሊፈስ ይችላል። የባትሪም ነገር እንዲሁ ነው። ቮልት የውሃው ከፍታ፥ አምፔር-ሰዓት የውሃው ብዛት ነው። ፍሰቱን የሚያዘው ከፍታው እንጂ ብዛቱ አይደለም።

ጎን ለጎን ሲያያዙ

የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ፖዘቲቭ፥ የአንዱ ኔጋቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ጋር ሲታሰር ባትሪዎቹ ጎን ለጎን ተያያዙ እንላለን። ሁለቱ እኩል ቮልት ካላቸው በመካከላቸው ምንም አይፈስም፤ አንዱ ትልቅ ሌላው ትንሽ ቢሆን እንኳ እንደ አቅማቸው ተካፍለው ይሠራሉ። ቮልታቸው እኩል ካልሆነ ግን ከበላዩ ወደ በታቹ ፍሰት ይጀምራል። የፍሰቱ መጠን የሚገኘው የሁለቱን ቮልት ልዩነት በገመዱና በባትሪዎቹ ውስጣዊ ተቃውሞ ድምር በማካፈል ነው።

ለምሳሌ ያህል አንዱ 12.6፥ ሌላው 11.8 ቮልት ቢሆን ልዩነቱ 0.8 ነው። ተቃውሞው በሙሉ 0.04 ኦም ቢሆን፥ 0.8 ለ0.04 ሲካፈል 20 አምፔር ይሰጣል። ልዩነቱ በዓይን ሲታይ ትንሽ ነው፤ ፍሰቱ ግን ቀጭን ሽቦ የሚያግል ነው። ይህ የመጀመሪያው ጉርፍ ወዲያው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ምክንያቱም የሰጪው ቮልት ሲወርድ የተቀባዩ ይወጣል።

መምህራችን ይህንኑ በትንሹ አሳይተውናል። አንድ 1.56 ቮልት ያለው አዲስ የባትሪ ድንጋይና አንድ 1.19 ቮልት የቀረው አሮጌ ድንጋይ ወስደው፥ ፍሰቱ እንዳይበዛ በመካከላቸው 10 ኦም ተቃውሞ አስገብተው ጎን ለጎን አያያዟቸው። መለኪያው 34 ሚሊአምፔር ያህል አሳየ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፍሰቱ ቀንሶ፥ የአሮጌው ቮልት ወደ 1.3 ከፍ ብሎ አገኘነው። ሁላችንም «ተሞላ!» ብለን ጮኽን። እርሳቸው ግን አሮጌውን ድንጋይ ለብቻው ከአምፖል ጋር ቢያገናኙት አምፖሉ ለአፍታ ቀላ ብሎ ፈዘዘ፤ መለኪያውም ከ1 ቮልት በታች ወረደ። የወጣው ቮልት በገጹ ላይ እንጂ በሆዱ አልነበረም። የተለመደው የባትሪ ድንጋይ ተመልሶ የሚሞላ ዕቃ አይደለም። አያቴ የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ሲያሰጡ ሬዲዮው ለጥቂት ጊዜ መናገሩም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ሙቀቱ በውስጡ የቀረውን ኃይል እንዲወጣ ያቀልለታል እንጂ አዲስ ኃይል አይጨምርለትም። ሙከራውንም ያለ አስተማሪ ማንም እንዳይደግመው፤ የማይሞላ ድንጋይን በግድ መሙላት ሊያፈነዳው ይችላል።

በሚሞላው የመኪና ባትሪ ዘንድ እንኳ መካፈል መሙላት አይደለም። አንዱ 60 አምፔር-ሰዓት ይዞ ሙሉ፥ እኩያው ደግሞ 12 ብቻ የቀረው ቢሆን ድምሩ 72 ነው። ምንም ሳይባክን ቢካፈሉ ለያንዳንዳቸው 36 ይደርሳል። ይህም የሚሆነው በሐሳብ ብቻ ነው፤ ከፊሉ ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ፥ ከዚህም በላይ የእርሳስ ባትሪ በደንብ እንዲሞላ 14 ቮልት ገደማ ስለሚፈልግ፥ 12.6 ቮልት ያለው ጎረቤቱ ሊሞላው አይችልም። ሰጪው ይጎድላል፥ ተቀባዩም አይጠግብም። በጣርማ በር የረዱን ሾፌር ገመዱን ካያያዙ በኋላ የራሳቸውን ሞተር አሥር ደቂቃ ያህል ያሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። ኃይሉን የሰጠው ባትሪያቸው ብቻ ሳይሆን ዲናሞው ጭምር ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን ተቀባዩ የታመመ ሲሆን ነው። ከ6ቱ ሴሎች አንዱ በውስጡ ሰሌዳ ከሰሌዳ ተነካክቶ ከሞተ፥ ባትሪው ቢሞላም ከ10.5 ቮልት አያልፍም። እንዲህ ያለው ከጤነኛ ባትሪ ጋር ጎን ለጎን ቢታሰር እኩል የሚሆኑበት ጊዜ አይመጣም። ጤነኛው እስኪደክም ድረስ ይፈስሳል፤ በሽተኛውም ይግላል፥ ይፈላል፥ ሃይድሮጂን ጋዝ ያወጣል። ሃይድሮጂን በአየር ውስጥ 4 በመቶ ያህል ከደረሰ በአንዲት ብልጭታ ይቀጣጠላል።

በተከታታይ ሲያያዙ

የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ጋር ሲታሰር ቮልታቸው ይደመራል። በእጅ ባትሪ ውስጥ ድንጋዮቹ እየተከታተሉ የሚገቡት እንዲሁ ነው። በዚህ አያያዝ አንዱ ወደ ሌላው አያፈስም፤ ነገር ግን በሁሉም ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት አንድና እኩል ነው። ይህም እንደ ጥማድ በሬ ነው። አንዱ በሬ ብርቱ፥ ሌላው ደካማ ቢሆን፥ ደካማው በራሱ እርምጃ መሄድ አይፈቀድለትም፤ ቀንበሩ ይጎትተዋል።

ሁለት አዳዲስ ድንጋዮች ከአንድ አሮጌ ጋር ብናስገባ፥ አሮጌው ቀድሞ ያልቃል። ካለቀ በኋላ ግን አያርፍም፤ ሁለቱ አዳዲሶች ፍሰታቸውን በእርሱ በኩል በግድ ያሳልፋሉ። በዚህን ጊዜ ቮልቱ ወደ ዜሮ ወርዶ ከዚያም ይገለበጣል፤ ፖዘቲቩ ኔጋቲቭ ይሆናል። ከሚረዳቸው ይልቅ የሚቃወማቸው ሸክም ሆነ ማለት ነው። በውስጡም ጋዝ ተፈጥሮ ቅርፊቱን ይቀድደዋል። በሬዲዮና በእጅ ባትሪ ውስጥ የመዳቡን ጫፍ የሚበላው ነጭ ዝቃጭ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። አንድ ድንጋይ እንቆጥባለን ስንል ሬዲዮውን እናጣለን።

የእኔ ስሕተት የት ላይ ነበር?

አሁን ወደ አባቴ መኪና እንመለስ። መምህራችን ጉዳዩን ካዳመጡ በኋላ፥ «አሮጌውን ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ፥ አርፎ ከዋለ በኋላ ለካው» አሉኝ። ለካሁት፤ 10.5 ቮልት አለ። ከ6ቱ ሴሎች አንዱ የሞተ ነበር። እርሳቸውም ጠመኔ ሰጥተው ሒሳቡን በሰሌዳ ላይ ራሴ እንድሠራው አደረጉኝ።

ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው ለሁለቱ ባትሪዎች በአንድነት የሚሰጠው 28 ቮልት ያህል ነው። ሁለቱም ጤነኞች ቢሆኑ 28 ቮልት ለ12 ሴሎች ይካፈላል፤ ለያንዳንዱ ሴል 2.33፥ ለያንዳንዱ ባትሪ 14 ቮልት ይደርሳል። ይህ ትክክለኛው ነው። በእኛ መኪና ግን የሚሠሩት ሴሎች 11 ብቻ ነበሩ። ዲናሞው አንዱ እንደሞተ አያውቅም፤ 28ቱን ቮልት ለ11 ያካፍላል። ለያንዳንዱ ሴል 2.55 ቮልት ገደማ ደረሰ። አሮጌው ባትሪ 5 ሴሎች ስላሉት 12.7 ቮልት አሳየ። አዲሱ 6 ሴሎች ስላሉት 15.3 ቮልት ተጫነበት።

እንግዲህ ያ የተመካሁበት 12.7 የጤና ምልክት ሳይሆን የበሽታው ምልክት ነበር። ሞተሩ እየሠራ ሳለ ጤነኛ ባትሪ 14 ቮልት ማሳየት ነበረበት። 12.6 ወይም 12.7 የሙሉ ባትሪ ምልክት የሚሆነው ባትሪው ሲያርፍ ብቻ ነው። እኔ ቁጥሩን እንጂ ቁጥሩ የሚነገርበትን ሁኔታ አልተማርሁም ነበር።

አዲሱ ባትሪ በ15.3 ቮልት ሥር ቀንና ሌሊት በመንገድ ላይ ሲፈላ ከረመ። ከልክ በላይ የሚሞላ ባትሪ ውሃው ወደ ሃይድሮጂንና ኦክሲጅን ተከፋፍሎ ይተንናል፤ ሰሌዳዎቹ ይደርቃሉ፥ ይጣመማሉ። ረዳቱ በጥቅምት ወር «ከባትሪው በኩል የተበላሸ ዕንቁላል ይሸተኛል» ብሎ ተናግሮ ነበር፤ ሽታው ከልክ በላይ የተሞላ የእርሳስ ባትሪ የሚያወጣው ጋዝ ነው። ማንም አልሰማውም። ሻጩ የሸጠው ዕቃ ደህና ነበር። የገደለው ከጎኑ የታሰረው ነው።

በዘመናችን ባትሪዎች

ይህ ሕግ በእርሳስ ባትሪ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። በስልካችን ውስጥ ያለው የሊቲየም ባትሪ ሲሞላ 4.2 ቮልት፥ ባዶ ለመሆን ሲቃረብ 3 ቮልት ገደማ ነው። አንድ ሙሉና አንድ ባዶ የሊቲየም ሴል ጎን ለጎን ቢታሰሩ ልዩነቱ 1.2 ቮልት ነው። ውስጣዊ ተቃውሟቸው በጣም ጥቂት ስለ ሆነ ተቀባዩ ከሚችለው በላይ ፍሰት ይገባበታል፤ እስከ እሳት ሊያደርስ ይችላል። ከአሮጌ ኮምፒዩተር ያወጧቸውን ሴሎች እየለቀሙ የስልክ መሙያ ለመሥራት የሚሞክሩ ጓደኞቼ ይህን ልብ ይበሉ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በከተማችን መንገድ ላይ እየበዛ መጥቷል። በእንዲህ ያለ መኪና ውስጥ ብዙ ሴሎች በተከታታይ ስለሚታሰሩ፥ የያንዳንዱን ቮልት የሚጠብቅና እኩል የሚያደርግ ልዩ መሣሪያ ተገጥሞለታል። እኔ በአንድ ቴስተር ያላደረግሁትን፥ ያ መሣሪያ ያለ ዕረፍት ያደርገዋል ማለት ነው።

ምክር

ከዚህ ሁሉ የሚከተሉትን ነጥቦች ለቤታችሁ ትወስዱ ዘንድ እለምናለሁ።

1. በእጅ ባትሪና በሬዲዮ ውስጥ ድንጋዮችን ስትቀይሩ ሁሉንም በአንድ ቀን ቀይሩ፤ ዓይነታቸውም አንድ ይሁን።

2. በተከታታይ ከታሰሩ የመኪና ወይም የፀሐይ መብራት ባትሪዎች አንዱ ሲሞት፥ ሌላውን ሳትመረምሩ አዲስ አታስገቡ። ዕድሜያቸው አንድ ከሆነ ሁለቱን መቀየር ይሻላል።

3. ባትሪ ስትለኩ ሁለት ጊዜ ለኩ፤ አንድ ጊዜ አርፎ፥ አንድ ጊዜ ሥራ ላይ ሳለ። ሁለት ባትሪ ካለም ሁለቱን ለኩ።

4. ባትሪዎችን ጎን ለጎን ከማሰራችሁ በፊት እያንዳንዱን ለየብቻው ሙሉ፤ ቮልታቸው እኩል ሲሆን አያይዟቸው።

5. መኪና በሌላ መኪና ባትሪ ስታስነሡ የሁለቱ ቮልት አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ አያይዙ፤ የመጨረሻውን የኔጋቲቭ ጫፍ ግን በሞተው ባትሪ ላይ ሳይሆን ከባትሪው ራቅ ባለ የሞተሩ ብረት ላይ እሰሩት፤ ብልጭታው ከጋዙ እንዲርቅ ነው። ገመዱ ቢገለበጥ ሁለት 24 ቮልቶች ተደምረው በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ስለሚነዱ፥ እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም።

በመጨረሻ፥ ሒሳቡን በወረቀት ገልብጬ ለአባቴ አሳየኋቸው። ስለ ሴል ምንም ሳልዘል ነገርኋቸው፤ ያጠፋሁትም እኔ እንደ ሆንሁ አልሸሸግሁም። አባቴ ወረቀቱን ለብዙ ጊዜ ተመልክተው፥ «ታዲያ ያን ቀን አዲሱንም ለክተኸው ቢሆን ኖሮ?» አሉኝ። «15.3 ይለኝ ነበር» አልኋቸው። «ያን ጊዜስ ትርጉሙን ታውቀው ነበር?» ሲሉኝ ዝም አልሁ። በማግሥቱ አብረን ወደ ባትሪ ሻጩ ሄድን። አባቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሰው ፊት የተናገሩትን በሰው ፊት መለሱ፤ ሁለት ባትሪዎችም ገዙ። የሁለተኛው ዋጋ የተከፈለው ለእኔ ጫማ ከተቀመጠው ገንዘብ ላይ ነው። እኔም አላጉረመረምሁም፤ ዛሬም የምመጣው በአምናው ጫማ ነው።

መካኒኩ አዲሶቹን ካሰረ በኋላ ቴስተሩን ያለ አንዳች ቃል ወደ እኔ ዘረጋልኝ። ሁለቱንም ለካሁ፤ ሞተሩ ጠፍቶ አንዱ 12.7፥ ሌላው 12.7፤ ሞተሩ ሲሠራ አንዱ 14፥ ሌላው 14። አባቴም ወደ ደሴ ጉዟቸውን ቀጠሉ። እኔም ጽሑፌን በዚሁ አበቃለሁ።